ያልደረሰችው መርከብ

ከእንግሊዝኛ የተረጎምኩትን ጮክ ብዬ ካላነበብኩት አማርኛው አይጥመኝም። መካነ ሰላም ኢንተርኔቱ ደህና የሚሆነው ጠዋት ጠዋት ነው፤ እናቴም ምስር ለመልቀም የምትመርጠው ያንኑ ሰዓት፣ ያውም ከጠረጴዛዬ አጠገብ። እሷ እየጠየቀችኝ ሥራ የሚባል ነገር አይገፋም።

የዚያን ቀን የምተረጉመው ጽሑፍ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ስለነበረች አንዲት የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ነበር። ዕድሜዋ አጭር ነው። ሁለት ጊዜ ከሩቅ ደሴቶች ስኳር ጭና ተመለሰች፤ በሦስተኛው ጉዞ አልደረሰችም። ጸሐፊው ርዝመቷን፣ የምሰሶዋን ብዛት፣ የተሠራችበትን እንጨት ሳይቀር ዘርዝሯል።

“ሰዎቹስ?” አለች እናቴ።

ጀመረች እንግዲህ። አልተጻፈም አልኳት። ካልተጻፈ ሞቱ እንዳትል አለችኝ። እማዬ፣ ቢደርሱስ ኖሮ እስከ ዛሬ ይኖራሉ ወይ ብላት ማን ሰምቶኝ። ማን አየ፣ ማን መርዶ አመጣ እያለች ሞገተችኝ።

የምትሟገተው ለመርከበኞቹ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከጅቡቲ ወደ የመን የተሳፈረባት ጀልባ አልደረሰችም፤ ዓመታት አልፈዋል። በእኛ ዘንድ የቅሬ፣ የዕድር ማለት ነው፣ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ በር ላይ ቆመው መርዶ ካልተናገሩ አይለቀስም፤ ፍትሐትም ተዝካርም የለም። እነሱ በመጡ ቁጥር “አብሽሩ፣ ያየ ሰው ይዛችሁ ኑ” ብላ ትመልሳቸዋለች። እኔ ግን መሮኛል። ወንድሜን እንደ ሰው አልቅሼ መሸኘት እፈልጋለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ ስትነሣ ማየት አንገፍግፎኛል።

የመርከቧ ባለቤቶች እስከ መቼ እንደጠበቁ ጠየቀችኝ። ብዙም ሳይቆዩ ሌላ አሠሩ አልኳት።

“ቸኩለዋል” አለች፣ ከሰፌዱ ቀና ሳትል። “የልጆቹ እናቶችስ? ማን ነገራቸው?”

ይህም አልተጻፈም። ትዕግሥቴ ግን አልቆ ነበር።

“ማንም። ሲጠብቁ ሲጠብቁ ሞቱ። ልጆቻቸውም ያለ አልቃሽ ቀሩ።”

ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። እሷ ምስሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔም የጻፍኩትን ሳልልክ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ይኸው ነው እንግዲህ ሥራ ማለት ብዬ ተበሳጨሁ።

ምሳ ቀርቦ ለረጅም ጊዜ አልቆረሰችም።

“ሽማግሌዎቹን ነገ ይምጡ በላቸው” አለችኝ። “አንተ ግን ከእነሱ ጋር በር ላይ እንዳትቆም። እኔ አጠገብ ተቀመጥ።”