ከእትዬ ዘውዴ ያየሁት መርፌ

መጀመሪያ የመጣው ጥም ነው። ከቦሌ ቡልቡላ ኢምፔሪያል እስክደርስ አንድ ሊትር ውሃ እጨርስ ነበር። ስኳር አለብሽ ተባልኩ። ኪኒኑ አልበቃ ሲል ኢንሱሊን ታዘዘልኝ። ነርሷ አንድ ጊዜ ፈጠን ብላ አሳየችኝና ቀጣዩን ሰው ጠራች።

"ምን ያስጨንቅሻል? እኔን እዪ" አለችኝ የሟች ባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘውዴ። እሷ መርፌውን ከጀመረች ቆይታለች። ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ ሽንኩርት ማቁላላቱንም፣ ለቅሶ መድረሱንም "እኔን እዪ" እየተባልኩ ነው ያረጀሁት። አየኋት። ሁልጊዜ ከእምብርቷ በስተቀኝ፣ አንድ ቦታ ትወጋለች። "እዚህ ለምዷል፣ አያምም።" እኔም እዚያው ወጋሁ። እውነትም ማመሙ ቀረ።

በዓመቱ ስኳሬ አልወርድ አለ። መጠኑ ተጨመረ። እንደገና ተጨመረ። እትዬ ዘውዴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው እየሰማ፣ "እሷ እኮ ለስላሳ ትደብቃለች፤ አልጋዋ ስር ፈትሹ!" አለች። ሳቁብኝ። አልረሳሁትም።

አንድ ጠዋት መነሳት አቃተኝ። አስመለሰኝ። ትንፋሼ አጠረ። ሆስፒታል ወስደውኝ ኬቶአሲዶሲስ አሉት፤ ኢንሱሊን ሲያንስ ደም ውስጥ አሲድ የሚከማችበት ነው። ሁለት ቀን አላስታውስም።

ስነቃ ሐኪሙ ሆዴን ዳሰሰ።

"እናቴ፣ መርፌውን የት ነው የሚወጉት?"

"እጅዎ ያለበት ላይ።"

"ይኼ እብጠት ሊፖሃይፐርትሮፊ ይባላል። አንድ ቦታ ሲደጋገም ይመጣል። መድኃኒቱ እዚህ ሲገባ በደንብ አይሠራም። ማን አስተማረዎት?"

ሆዴን በብርድ ልብሱ ሸፈንኩ።

ጤነኛ ቦታ ላይ ስወጋ የድሮው መጠን ሊበዛብኝ ስለሚችል እሱው ቀነሰልኝ። በማግስቱ አንዲት ነርስ አጠገቤ ተቀምጣ፣ መርፌውን አስይዛኝ፣ "መጀመሪያ እርስዎ ያድርጉት፣ እኔ ልይ" አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ "እኔን እዪ" እንጂ "ልይሽ" ያለኝ ሰው አልነበረም። በየቀኑ ቦታ እየቀያየርኩ ስወጋ እያየች አረመችኝ፤ ቀስ በቀስም ስኳሬ ወረደ፣ ጉልበቴም ተመለሰ።

ለእትዬ ዘውዴ ግን ሦስት ሳምንት አልነገርኳትም። እግሯ ላይ ቁስል ወጥቶ አልድን እንዳላት ሰምቻለሁ። ትቅመሰው አልኩ። በመጨረሻ ሄጄ ፊቷ ተቀመጥኩና የራሴን ሆድ ከእምብርቴ በስተግራ ወጋሁ።

"ዛሬ ደግሞ አስተማሪ ሆነሽ መጣሽ?"

"ሆድሽን ሐኪም ይዳስሰው፣ እትዬ።"

ሐኪም ጋ ሄደች። ስለ ድንኳኑ ይቅርታ አልጠየቀችኝም።

ያቺን ነርስ እግዜር ይስጥልኝ። መርፌ ከዘመድ አይታችሁ የተማራችሁ፣ ባለሙያ ፊት ወግታችሁ አሳዩ። እብጠት ካገኛችሁ መጠኑን በራሳችሁ አትቀይሩ፤ ሐኪም ይወስን። ያወቃችሁትንም ለምትጠሉት ሰው ሳይቀር ቶሎ ንገሩ። እትዬ ዘውዴ አንድ የእግር ጣቷን አጥታለች። ሦስቱ ሳምንት ይሆን ያመጣው ብዬ ሐኪሙን ለመጠየቅ እስካሁን አልደፈርኩም።