ከሎሚው ሥር የነበረው ጤና አዳም

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከጓሮ ጠራችኝ። የሎሚ ዛፋችን ቅጠል ተበልቷል። ጠጋ ብዬ ሳይ የወፍ ኩስ የሚመስል አባጨጓሬ ለምለሙ ቅጠል ላይ ተለጥፏል።

«ማሚ፣ ስፕሬይ ላድርገው?» ስትለኝ በቁጣ አይሆንም አልኳት። ምን እንዳስቆጣኝ አልገባትም።

በዲቪ አሜሪካ የመጣሁ ሰሞን ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ እትዬ የሺ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ጓሯቸው ውስጥ የሎሚ ዛፍ፣ ከሥሩ ደግሞ ከአገር ቤት ባመጡት ዘር ያበቀሉት ጤና አዳም ነበር። ለሰፈሩ ሁሉ ከዚያ ይቆርጣሉ፤ በተለይ አጥር ለሚጋሯቸው ለጋሼ መርዕድ። ብቸኛ ጡረተኛ ነበሩ። ጽጌረዳቸው ላይ የተባይ መድኃኒት ይረጩ ስለነበር፣ እትዬ የሺ ለምነዋቸው በአጥሩ በኩል መርጨት ትተው ነበር። በየፋሲካውም የዶሮ ወጥ ሳህን በአጥሩ ላይ ያልፍላቸዋል።

ሁዳዴ ሲጋመስ ሎሚው ያብባል፣ ጓሮው ያውዳል፣ አባጨጓሬውም ይመጣል። እትዬ የሺ ማለዳ እየተነሱ አንድ በአንድ ለቅመው የሳሙና ውሃ ውስጥ ይጨምሩት ነበር። በዚያ ዓመት ጉልበታቸውን ስላመማቸው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ውዬ የምመጣ፣ እንቅልፍ የምወድ ልጅ ነበርኩ። አንድ ሳምንት ለቀምኩና ሰለቸኝ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መድኃኒት ገዝቼ፣ የተጻፈበትን እንኳ ሳላነብ ዛፉን አጠብኩት።

ሲመለሱ ሽታው ተቀበላቸው። ጎንበስ ብለው የጤና አዳሙን ቅጠል ነኩ፤ ርሷል።

«አቶ መርዕድ ናቸው እንዴ የረጩት?» አሉኝ።

«መሰለኝ» አልኩ።

 ሰው እንዳይቀምሰው ብለው ጤና አዳሙን ከነሥሩ ነቅለው ጣሉት። ጋሼ መርዕድን ሰላምታ ነሷቸው። የፋሲካ ዕለትም ሳህኑ አላለፈም።

ከፋሲካ በኋላ ጋሼ መርዕድን አውቶቡስ ፌርማታ አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው እያዞሩ፣ «ልጄ፣ ወይዘሮ የሺ ምን አስቀይሜያቸው ነው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ።»

አውቶቡሱ መጣልኝና ገባሁ። በዓመቱ ጋሼ መርዕድ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ እዚያው ማረፋቸውን ሰማን። እትዬ የሺም እንደተቀየሟቸው አለፉ። ሁለቱም በሕይወት ሳሉ እውነቱን ለመናገር ስንት ማለዳ ነበረኝ። አፈርኩ፣ ዛሬም አፍራለሁ።

ያን ቅዳሜ ልጄ የቁጣዬን ምክንያት እየጠበቀች ቆማ ነበር። ባልዲ በሳሙና ውሃ ሞልቼ ሰጠኋትና አብረን መልቀም ጀመርን። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።