“ይብሉ” በፖላንድኛ

ባለፈው ሳምንት ሲያትል አጠገብ ባለችው ሬንተን ከተማ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ተቀምጬ ሳለ፣ አጠገቤ የነበረች ወጣት ፊሊፒናዊት ስልኳን አንስታ “ኦፖ… ኦፖ…” ማለት ጀመረች። ቋንቋቸውን ታጋሎግን አልችልም፤ ይህችን ቃል ግን አውቃታለሁ። “አዎ” ማለት ናት፤ ለታላቅ ሰው ብቻ የምትባል “አዎ”። ልጅቷ እናቷን ወይ አያቷን እያናገረች እንደሆነ ገባኝ። ፈገግ አልኩ፤ ሐሳቤም ሳላዘው ወደ ሲያትሉ ሰፈር ወደ ሌክ ሲቲ፣ ወደ ሃያዎቹ ዕድሜዬ መጀመሪያ ነጎደ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ጠዋት ኮሌጅ እማራለሁ፣ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አረጋውያን በሚጦሩበት አንድ ቤት እሠራለሁ። ባለቤቷ ሉዝ የምትባል ፊሊፒናዊት ነበረች። “አቴ በለኝ” አለችኝ ገና በመጀመሪያው ቀን። “አቴ” በእነሱ ታላቅ እህት ነው። የእኛ “እትዬ” ውቅያኖስ ተሻግሮ የተቀመጠ መስሎኝ ሳቅሁ። የሲያትል ክረምትም እንደ አገራችን ዝናብ ነው፤ ልዩነቱ የሚብሰው በኅዳር መሆኑ ነው። እኔ ከአውቶቡስ ወርጄ በስብሼ ስገባ አቴ ሉዝ ከወጥ ቤት “ካኢን ታዮ!” ትለኛለች፤ “እንብላ!” ማለቷ ነው። በጾም ቀን ያንን ሮቃ በሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ የምትሠራውን ሾርባዋን ሥጋውን ትታ በአትክልት ብቻ ትሠራልኛለች።

ከምንጦራቸው ሰዎች መካከል ሃሊና የሚባሉ ፖላንዳዊት ነበሩ። በአገራቸው አስተማሪ ነበሩ። የእርጅና መርሳት መጥቶባቸው እንግሊዝኛው ሁሉ ከአእምሯቸው ወጥቶ፣ የቀራቸው ፖላንድኛ ብቻ ነበር። ሬድመንድ ከተማ ሶፍትዌር የሚሠራው ልጃቸው ማሬክ እሁድ እሁድ ይመጣል። ለእኛም ዋና ዋናዎቹን ቃላት አስጠንቶናል። “ዬትስ” ብዪ ነው፣ “ፒይ” ጠጪ። እኛም ማንኪያ ይዘን “ዬትስ! ዬትስ!” እንላቸዋለን። እሳቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ኅዳር ሲያልቅ ልብሳቸው ትከሻቸው ላይ የተሰቀለ መሰለ። ሐኪሙም እንዲህ ከቀጠሉ ሆስፒታል ገብተው በቱቦ መመገባቸው እንደማይቀር ነገረን። ማሬክ ያን ዕለት መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

በቀጣዩ እሁድ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው ኬክ ይዘው መጡ። በሩ ላይ ቆም ብለው “ፓኒ ሃሊኖ” አሉና ረጋ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፤ በየመሐሉ “ፓኒ” የምትለው ቃል ትሰማለች። ሃሊና ጀርባቸውን ቀና አደረጉ፣ ፀጉራቸውን ነካ ነካ አደረጉ፣ ከዚያ ኬኩን በሉ። ማሬክን ወደ ጎን ሳብኩት።

“ፓኒ ምንድን ነው?”

“ወይዘሮ እንደማለት ነው። ታላቅ ሰውን ወይም እንግዳን ‘አንቺ’ አንልም። ሌላ ቦታ ስላለ ሰው እንደምናወራ አድርገን ‘ወይዘሮ ትብላ’ እንላለን።”

“‘ዬትስ’ስ?”

ማሬክ ግንባሩን ያዘ። “እሱማ እኔ የምላት ነው። ልጅ ለእናቱ።”

አቴ ሉዝ ሩዝ እያጠበች ትሰማን ነበር። “በእኛም እኮ ለአሮጊት ‘ካኢን’ አይባልም!” አለች። “‘ኩማኢን ፖ ካዮ’ ነው። ‘ፖ’ ማክበሪያ ናት፣ ‘ካዮ’ እናንተ ማለት ነው።”

“አንድ ሰው ሆነው?”

“ታላቅ ሰው መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል?” አለችና ሳቀች።

እዚያው ወጥ ቤት ቆሜ ሁለቱን ቋንቋዎች አስተያየሁ። አንዱ የደሴት፣ አንዱ የበረዶ አገር ቋንቋ ነው፤ ዝምድና የላቸውም። ታጋሎግ ቃሉን መሐሉ ላይ ይከፍትና ሌላ ድምፅ ይጨምርበታል፤ “ካኢን” “ኩማኢን” የሚሆነው እንዲያ ነው። ፖላንድኛ ደግሞ ጅራቱን ይለውጣል፤ ሃሊና ሲጠሯት ሃሊኖ ትሆናለች። ታላቅ ሰው ፊት ሲደርሱ ግን ሁለቱም እንደ እኩያ ለማናገር ያፍራሉ። ታጋሎግ አንዷን ብዙ ያደርጋታል፣ ፖላንድኛ ፊት ለፊት ያለችውን ያርቃታል። የእኛ “ይብሉ”ስ? “እነሱ ይብሉ” ስንልም፣ “እርስዎ ይብሉ” ስንልም ያው አንድ ቃል ነው። ያበዛልም፣ ያርቃልም። ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው ኖሬ ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ማሬክ የአክብሮቱን አባባል አስጠናኝ። ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሳነበንብ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ተነስቶ ሌላ ወንበር ያዘ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት አቴ ሉዝ የቀይ ሥር ሾርባ ሠራች። በሩን አንኳኳሁ፣ ትንሽ ጠበቅሁ፣ ገባሁና ጎንበስ አልኩ።

“ጄኝ ዶብሪ፣ ፓኒ ሃሊኖ። ፕሮሼ፣ ኜህ ፓኒ ዥዬ።”

እንደምን ዋሉ፣ እባክዎ ይብሉ ማለቴ ነበር። ከመስኮቱ ዞሩ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ሳህኑን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

“ዝዬ” አሉ።

አልገባኝም። ጣታቸውን ቀሰሩ። “ዥዬ አይደለም። ዝዬ!”

“ዝዬ” አልኩ።

እንደገና አስባሉኝ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ማንኪያውን በገዛ እጃቸው አነሱ፣ በሉ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን በሉ! አቴ ሉዝ በሩ ላይ አፏን ይዛ ቆማ ነበር፤ “ዲዮስ ኮ!” — አምላኬ! — ብላ ጮኸችና ወደ ስልኩ ሮጠች። ማሬክን ኮል አድርጋ “በሉ! ራሳቸው በሉ!” ስትል ቤቱ በሙሉ ሰማ። እኔ ባዶውን ሳህን እንደ ዋንጫ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ሁሉ ትምህርት ሆነ። እሳቸው ያርሙኛል፣ ይበላሉ። አቴ ሉዝም ተማረች። ሰውነታቸው ተመለሰ፤ በጸደይ የግቢው የቼሪ ዛፍ ሲያብብ ደጅ ወጥተው ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ፤ ሐኪሙም ቱቦ የሚባል ነገር ዳግም አላነሳም። አንድ ቀን ሾርባውን ሳስቀምጥ “ፓኜ ዳኒዬሉ” አሉኝ። አቶ ዳንኤል! በዚያ ዕድሜዬ አቶ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማሬክ እየሳቀ “‘ልጁ ጨዋ ነው፤ ቋንቋው ግን ገና ይቀረዋል’ ብላኛለች” አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረውን ኖሩ።

ዛሬ ሥራዬ በየሆስፒታሉ ማስተርጎም ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ለሁሉም “ዩ” ይላል፤ ለሕፃኑም፣ ለሽማግሌውም። እሱ አላጠፋም፤ ቋንቋው የሰጠው ያንኑ ነው። እኔ ግን ያቺን አንዲት ቃል ወደ አማርኛ ሳሻግር፣ አልጋው ላይ ያሉት ሰው ማን እንደሆኑ መምረጥ አለብኝ። “እርስዎ” ስላቸው ከትራሱ ቀና የሚሉትን ስንቱን አየሁ። መድኃኒቱን ሐኪሙ ያዝዛል፤ ቀና የሚያደርጋቸው ግን ያ ቃል ነው፤ እሱን የምሰጣቸው እኔ ነኝ።