የማዱራዩ ሙሽራ

ትናንት ሎስ አንጀለስ፣ ኢንግልዉድ ቤቴ ለቅሶ ሊደርሱኝ በመጡ ሰዎች ፊት ሳቄ አመለጠኝ... ያውም በገዛ እናቴ ለቅሶ። ወሬው እስካሁን የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የተደረደረበትን ፌርፋክስን ከዳር እስከ ዳር አዳርሶት ይሆናል። ሌላ ሰው ጨው በርበሬ ጨምሮበት ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ።

እማዬ የልብ ቫልቭ በሽታ ነበረባት። እዚህ አምጥቼ ላሳክማት ብል ቪዛ ተከለከለች። በመጨረሻ ህንድ ትታከም ተባለና እሷ ከአዲስ አበባ፣ እኔ ከሎስ አንጀለስ ተነስተን ማዱራይ የምትባል የደቡብ ህንድ ከተማ ተገናኘን። ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ መኪና ፓርክ የማደርግ ሰው ነኝ፤ ፈቃድ ለምኜ ነው የሄድኩት።

ማዱራይ የቤተ መቅደስ ከተማ ናት። ከላይ እስከ ታች ባለቀለም ምስል የተደረደረባቸው ረጃጅም ግንቦች አሏት፤ በዓል ደግሞ አያልቅባትም። ዛሬ አንዱ አምላክ በሰረገላ ይወጣል፣ ነገ ሌላዋ ትዳራለች። «እዚህ አገር ጥምቀት በየቀኑ ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር እማዬ። መቅደሱ ደጃፍ ስንደርስ ፊቷን አዙራ አማተበች... ጫማዋን ግን አውልቃለች። «የማንም ይሁን የማን፣ የአምላክ ደጅ ነው ተብሎ የለ» አለች።

የኦፕሬሽኑ ዋዜማ ላይ ፈራች። «መልሰኝ፣ አገሬ ልሙት» አለችኝ። ተለማመጥኳት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ... ወይ ፍንክች። ትንሽ አየር ትቀበል ብዬ ባጃጅ ያዝን። ባጃጅ ስታይ ደስ አላት፤ ከአገር ቤት ተከትሏት የመጣ ነው የመሰላት።

ገበያው መሀል ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ከበሮ ይደለቃል፣ ርችት ይተኮሳል፣ ወንዶቹ ላብ በላብ ሆነው ይጨፍራሉ። ከኋላቸው በአበባ የተሸፈነ መኪና ቀስ እያለ ይመጣል። መኪናው ላይ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የአበባ ጉንጉኑ እስከ አገጩ ደርሷል።

«ሙሽራ ነው» አለች እማዬ። አንገቷን ከባጃጁ አውጥታ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰዎቹ ዞረው አዩን። እኔም ስንት ጊዜ ተኮማትሮ የከረመ ፊቷ ሲፈታ ሳይ ደስ ብሎኝ ስልኬን አወጣሁና ከነሙሽራው ቀረጽኳት።

ይሄኔ የባጃጁ ሹፌር ወደ እኔ ዞር ብሎ በእንግሊዝኛ «ሰርግ እኮ አይደለም። ሰውየው ሞቷል፤ ሊያቃጥሉት እየወሰዱት ነው» አለኝ። ለካ እነሱ ጋ ዕድሜ ጠግቦ የሞተ ሰው በከበሮና በጭፈራ ነው የሚሸኘው።

ክው አልኩ። እሷ እንግሊዝኛ አትሰማም።

«ምን አለህ?» አለችኝ።

«መንገዱ አሁን ይከፈታል ነው የሚለኝ።»

«ይሁና» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «መንገድ ላይ ሙሽራ መግጠም ገድ ነው። በቃ፣ ነገ እገባለሁ» አለች።

ሹፌሩን «መልሰን» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት አልጋዋን እየገፉ ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ እጄን ያዘችኝ።

«ያ ሽማግሌ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ነበር» አለችኝ።

«አይተሻል? ታዲያ ለምን እልል አልሽ?»

«መጀመሪያ ሙሽራ መስሎኝ ነዋ። ጥጡን ሳየው ጀምሬዋለሁ... እልልታ ከተጀመረ በኋላ ይቋረጣል እንዴ? ነውር ነው።»

«ገድ ነው ያልሽውስ?»

«የአንተን ፊት አይቼ ነው ልጄ። አሳዘንከኝ።» እጄን ጠበቅ አደረገችው። «ደግሞ አሸኛኘቱን ወድጄዋለሁ። እኔም አንድ ነገር ብሆን ደረት እንዳትመታብኝ።»

«አታሟርቺ እማዬ» አልኳት። ለእሷ የነገርኳት የመጨረሻ ቃል ይሄ ሆነ። ከዚያ በር በህይወት አልወጣችም።

አስከሬኗን አዲስ አበባ አድርሼ ቀበርኩ። ደረት አልመታሁም ብል እዋሻለሁ... እጄ እስኪዝል መትቻለሁ።

ትናንት እንግዲህ ፌርፋክስ ላይ ሱቅ ያላቸው እትዬ ብርሃኔ ከሰዎች ጋር መጡ። አልቅሰው ሲያበቁ «እስኪ የመጨረሻ ፎቶዋን አሳየኝ ልጄ» አሉኝ። ጣቴ ተሳስቶ ቪዲዮውን ነካው። የእማዬ እልልታ ቤቱን ሞላው። ጥቁር የለበሰው ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ ዞረ።

«የማን ሰርግ ነው?» አሉ እትዬ ብርሃኔ።

«የአንድ ሽማግሌ ነው» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በዚህ ዕድሜው ምን ሚስት አሰኘው? ይኸው... ሰርጉ ሳያልቅ ለሽ ብሏል።»

ሳቄ መጣ። ልያዘው ብል እንባዬን ይዞት ወጣ። እየሳቅኩ ተንሰቀሰቅኩ።

«ኦኬ፣ ኦኬ... ሀዘን ነው፣ ተዉት። ውሃ ስጡት» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ «ስልኩን ኦፍ አድርጉለት» አለ።

አላስነካሁም። እልልታ ከተጀመረ በኋላ አይቋረጥም... ነውር ነው።