ሁለት ጠላት፣ አንድ አካፋ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ኳስ የማሳይባት የቆርቆሮ አዳራሽ ነበረችኝ። ኳስ በሌለ ቀን የውጭ ፊልም ከፍቼ በማይክ በአማርኛ እተረጉማለሁ። ቋንቋውን የማውቀው እንዳይመስላችሁ! አፌ እንዳመጣልኝ ነው የምቀደው። በዚያ ሙቀት የተቀመጠ ሰው ሳቅ እንጂ እውነት አይፈልግም።

የዚያን ቀን የከፈትኩት የጦርነት ፊልም ነው። እርስ በርስ ጠላት የሆኑ ሁለት ወታደሮች አንድ ሬሳ ያገኛሉ። ልብሱ በጭቃ ተለውሶ የየትኛው ወገን እንደሆነ አይለይም። «ያንተ ነው፣ አንተ ቅበረው!» «ሂድ ወዲያ፣ ያንተ ነው!» ያላቸው አካፋ አንድ ነው፤ እሱንም ይወራወሩታል። አንዱን ሙቀት ያማረረው የደብረ ሲና ደገኛ፣ ሌላውን የኛው ቆለኛ አደረግኳቸው። ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ለካ በር ላይ ሻይና ሳምቡሳ የሚሸጡት እትዬም ማንቆርቆሪያቸውን ጥለው ገብተዋል። አንድ ልጃቸው ግንባር ከሄደ ወዲህ ወሬም የለ፣ መርዶም የለ። የሰፈሩ ሼኽ ደግሞ «ሞቱ ሳይረጋገጥ፣ አስከሬኑ በሌለበት የሙት ሶላት አንሰግድበትም፣ ሶብር ያድርጉ፣ ይታገሱ» ስላሏቸው ሐዘን እንኳ አልተቀመጡም።

ወታደሮቹ ሬሳውን እዚያው ትተው እየተሰዳደቡ ሄዱ። ፊልሙ አለቀ።

«ሳይቀብሩት?» አሉ እትዬ ጮክ ብለው።

ሳቁ ቀጥ አለ። እኔ፣ ምላሴን ይቁረጠው፣ «ኧረ ተመልሰው በክብር ቀብረውታል!» አልኩ በማይኩ።

ሰው ሲወጣ ወደ እኔ መጡ። «ውሸትህን እንደሆነ አላጣሁትም፣ ዓይን አለኝ» አሉ። «ግን ነገ በጠዋት ሁለት ሰው ይዘህ ቤቴ ና። በር ላይ ቁምና፣ ልጅዎን ቀብረውታል፣ ከቀበሩት ሰዎች ሰምቻለሁ በለኝ። ላልቅስበት፣ ልጄ። ወላሂ፣ መጠበቅ ደከመኝ።»

ለማንም የማልመለስ አፈኛ፣ «እሺ እትዬ፣ እመጣለሁ» አልኳቸው።

አልሄድኩም። ልጁ አንድ ቀን ከመኪና ዱብ ቢልስ? በቁሙ ቀብሬው ምን ልለው ነው? ፈራሁ እንጂ ሌላ ምን ምክንያት አለኝ! በማግስቱ በማለዳ አጠገባችን ወዳለችው ጀውሃ ወርጄ የሹፌሮች ምግብ ቤት ውስጥ ተደብቄ ዋልኩ።

ስመለስ ጎረቤታቸው ነገረችኝ። እትዬ ገና ጎህ ሲቀድ የሰፈሩን ሴቶች ጠርተው፣ ምንጣፍ አንጥፈው፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ተቀምጠው ነበር። ቀትር ሲሆን ተነሱና፣ ለምን እንደጠሯቸው ሳይነግሯቸው ሴቶቹን አሰናብተው ምንጣፉን ጠቀለሉ።