የአጎቴ የዳኝነት ወንበር

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ በየዓመቱ ለጨዋታ ያህል በምናደርገው የእንጨት ሳጥን ሥራ ውድድር ዳኛ ነበሩ። አሸናፊውን ከመናገራቸው በፊት እያንዳንዱን ተሸናፊ ለብቻው ጠርተው፣ ሳጥኑን በእጃቸው ይዘው ጉድለቱን ያሳዩታል። «ፊት ለፊት ልነግረው ካልቻልኩ አልፈረድኩም» ይሉ ነበር።

እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ዘንድሮ ቤተሰቡ ወንበራቸው ላይ እኔን አስቀመጠኝ። የአባቴ ሳጥን ክዳኑ አይገጥምም። ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። ዝም ብዬ ባሳልፈው ማን ያውቃል አልኩ። ወዲያው የተቀመጥኩበት ወንበር አስፈራኝ።

አባቴን ለብቻው ጠራሁት።

«አባዬ፣ ክዳኑ አይገጥምም» አልኩት።

ሳጥኑን ተቀብሎኝ ክዳኑን ሞከረው። ከዚያ ወንበሩን እያየ፣ «ጋሼም አምና ይህንኑ ነው ያሉኝ» አለ።