የባዝራዋ ለቅሶ

ለንደን ውስጥ፣ ከዋይት ሲቲ ሰፈር ወጣ ብሎ፣ አንድ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት በር ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ሰው ፈረስ ሲያይ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ጋላቢው ነው። እኔ ከመስኮቴ የሚታየኝ ግን በፈረሶቹ ጀርባ እንጀራውን የሚበላው ሰው ነው። ድርቆሽ የሚያመጣው ሾፌር ቁርሱን እኔ ጋ ይበላል። ኮቴ ሞርዶ የብረት ጫማ የሚመታው ሰውዬ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል። ኮርቻ ሰፊዋ ሾርባዋን ይዛ ትሄዳለች። ልጆቻቸውን ግልቢያ የሚያስተምሩ ወላጆች ዝናቡን ሲሸሹ ገብተው ኬክ ይገዛሉ። ፍጉን እንኳ የጓሮ አትክልት የሚያለሙ ሽማግሌዎች በጋሪ ይወስዱታል፣ አንዳንዴም ጎመን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ የእኛዎቹ ግን ስንት ቤት እንደሚያስተዳድሩ እኔን ጠይቁኝ።

ከሁሉም የምትበልጠው አንዲት ያረጀች ዳማ ባዝራ ነበረች። ጀማሪ ልጅ ሁሉ የሚማረው በእሷ ላይ ነው፤ ልጁ ከላይዋ ቢወድቅ እስኪነሳ ቆማ ትጠብቀዋለች። አንድ ብርዳም ጠዋት ሞታ ተገኘች።

የእሷም የትምህርት ቤቱም ባለቤት ሰባ ያለፋቸው እንግሊዛዊት ናቸው። ሻይ ይዤላቸው ስሄድ፣ ባዶው ጋጣ በር ላይ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

“በቃኝ” አሉኝ። “የቀሩትን ፈረሶች ሸጬ ትምህርት ቤቱን እዘጋዋለሁ።”

ተመልሼ ገባሁና ሥራ እምቢ አለኝ። ጋጣው ከተዘጋ የኔም በር ይዘጋል፤ ጭቃ ረግጦ እዚህ ድረስ ማን ሾርባ ሊገዛ ይመጣል? በዚህ ዕድሜዬ ሥራ ፍለጋ መዞር ታየኝና ፈራሁ። የሴትዮዋ ፊት ግን ከዓይኔ አልጠፋም። የሐዘንተኛ ፊት ነበር። ሐዘንተኛ ደግሞ ብቻውን አይተውም፣ በቤቱም እሳት አይነድም፤ ጎረቤት አብስሎ ይደርሳል እንጂ። እጄ የሚያውቀውን ጀመረ። ትልቁን ድስት አውጥቼ ምስር ወጥ ጣድኩ፣ ከዚያ ለጫማ መቺው፣ ለድርቆሹ ሾፌርና ለኮርቻ ሰፊዋ ደውዬ “ነገ ከሰዓት ለቅሶ እንድረስ” አልኳቸው። ማን ሞተ ሲሉኝ፣ ባዝራዋ አልኩ፤ ሴትዮዋ ሊዘጉ ማሰባቸውንም ነገርኳቸው።

ለንደን ተወልዳ ያደገችው ልጄ ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈነዳች።

“ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ፈረስ እኮ ናት! ምን ይሉሻል?”

“ለቅሶ ለሟች አይደለም፣ ለቀሪ ነው። ይልቅ ድስቱን ያዥልኝ” አልኳት።

እንግሊዝ እምቢ ማለት ያፍራል መሰለኝ፣ ሁሉም መጡ። ጋጣው ደጃፍ፣ በድርቆሽ እስሮች ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሴትዮዋ ግራ ገባቸው።

“ምን ልታደርጉ ነው የመጣችሁት?”

“ልንቀመጥ” አልኳቸው። “እርስዎ ምንም አይሥሩ።”

ለካ ሁሉም በየራሱ ቀን ነበር የሚመጣው። ሾፌሩና ኮርቻ ሰፊዋ ለዓመታት እዚያው ግቢ ሲገቡና ሲወጡ ኖረው አንድም ቀን ተያይተው አያውቁም። ምስሩን በዳቦ እያጠቀሱ ወሬ ጀመሩ። ጫማ መቺው፣ ባዝራዋ እግሯን ሲያነሳላት ሆን ብላ ሙሉ ክብደቷን እንደምትጥልበት ነገረን። ኮርቻ ሰፊዋ፣ የባዝራዋ ወገብ በየዓመቱ እየሰፋ ኮርቻዋን ደጋግማ እንዳሰፋችላት አወራች። ሴትዮዋ ሳቁ፣ አለቀሱ፣ ደግሞ ሳቁ። የእኛም አገር ለቅሶ እንዲሁ ነው፤ ደስ አለኝ።

ወሬው እየቀነሰ ሲሄድ ጫማ መቺው ቆቡን ይዞ ተነሳ።

“እንግዲህ ማክሰኞ ልምጣ ወይስ አልምጣ?” ብሎ ጠየቃቸው።

ማናችንም ልንጠይቀው ያልደፈርነው ነገር ነበር። ሾፌሩ ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። ሴትዮዋ አንድ በአንድ አዩን፤ እንዲህ ባንድ ላይ ተሰብስበን አይተውን አያውቁም።

“እንደ ወትሮህ ና” አሉት በመጨረሻ። “የቀሩት ፈረሶች ኮቴያቸው አድጓል።”

እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ለባዝራዋ ይሁን ለምግብ ቤቴ አላውቅም። ለሁለቱም ይመስለኛል፤ አላፈርኩበትም።